ቤርሳቤህ ላይ የቀረው ብላቴና

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሲሸሽ ብቻውን አልነበረም። አንድ ብላቴና አብሮት ነበር። ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ወደ ባሕሩ እያየ እንዲመለስ ሰባት ጊዜ የታዘዘው፣ በሰባተኛውም የሰው እጅ የምታህል ደመና ስትወጣ አይቶ የነገረው ብላቴናው ነው። ከኢይዝራኤል ተነሥተው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወርደው ቤርሳቤህ ደረሱ። ቤርሳቤህ የይሁዳ ናት፤ የኤልዛቤል እጅ አይደርስባትም። ኤልያስ ብላቴናውን እዚያ ተወውና የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳው ገባ። ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። መጽሐፈ ነገሥት ከዚያ ወዲያ ነቢዩን ተከትሎ ይሄዳል። ልጁን ዳግመኛ አያነሳውም። ምን እንደበላ፣ የት እንዳደረ፣ ስንት ቀን ወደ ደቡብ ሲያይ እንደዋለ አይነግረንም። ስሙን እንኳ አልጻፈልንም።

እኔ የምኖረው በዚያች ከተማ ነው። ዛሬ በኤር ሼቫ እንላታለን። ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው ተል ላይ፣ በጥንቱ በር አጠገብ፣ 69 ሜትር የሚጠልቅ የውኃ ጉድጓድ አለ። እንግዳ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ልጁ ውኃ የቀዳው ከዚህ ይሆን እላለሁ። ወደ ደቡብ ወጣ ሲሉ ደግሞ ኤልያስ የተጠለለበት ቁጥቋጦ አለ፤ እዚህ ሮተም ይሉታል። ቅጠል አለው ለማለት ያስቸግራል፤ ቀጫጭን አረንጓዴ ጭራሮ ነው። ብርዱ ሊያልቅ ሲል ነጭ አበባ ያወጣል። ጥላው ለአንድ ሰው እንኳ በቅጡ አይበቃም፤ ራስን ካጠለለ እግር ፀሐይ ላይ ይቀራል። የሥሩ ፍም ግን ቶሎ አይጠፋም። ነቢዩ ሲነቃ ራስጌው ያገኘውም በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ያለ ውኃ ነበር።

ይህ ታሪክ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የምሰማው ስለ ኤልያስ ፍርሃት ነው። ትናንት በንጉሡና በሕዝቡ ሁሉ ፊት የቆመ ሰው ዛሬ የአንዲት ሴት ዛቻ አባረረው ይባላል። እኔ ፍርሃቱን አልቆጥርበትም፤ እግዚአብሔርም የቆጠረበት አይመስለኝም። ለብዙ ዓመታት በአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ፣ ይበቃኛል፣ ውሰደኝ የሚሉ ብዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አስታምሜያለሁ። እንዲህ የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ከንፈሩን ነው፤ ደርቆ ከሆነ ውኃ በማንኪያ እሰጠዋለሁ። ትራሱን ከፍ አደርግለታለሁ። ይተኛል። ሲነቃ ትንሽ ይቀምሳል፤ ወሬው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መልአኩም ያደረገው ይህንኑ ነው። ተነሥና ብላ አለው፤ በላና ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ተቆጥቶ አልቀሰቀሰውም፤ እስኪተኛ ጠብቆ ሁለተኛ አበላው። መንገዱ እንደሚበረታበት ያውቃል። በዚያ መብል አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። ጥሪው ገና አልተነሣበትም፤ ደክሞት ስለተኛ ማንም ነቢይነቱን አልወሰደበትም።

ጥፋቱ ከዚያ ቀጥሎ ነው። በኮሬብ ዋሻ ውስጥ ምን ታደርጋለህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሕዝቡ ኪዳኑን እንደተወ፣ ነቢያቱ እንደተገደሉ፣ እሱም ብቻውን እንደቀረ ተናገረ። ነፋሱ፣ መናወጡና እሳቱ አልፎ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ሲመጣ፣ ጥያቄው ሲደገምለት፣ ያንኑ መልስ ቃል ሳይለውጥ ደገመው። ቀደም ብሎ በቀርሜሎስም ብቻዬን ቀረሁ ብሏል። ነገሩ እውነት አይደለም። የንጉሡ ቤት አዛዥ አብድዩ መቶ ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ደብቆ እንጀራና ውኃ ይመግባቸው ነበር፤ ይህንንም ለኤልያስ በአፉ ነግሮታል። ደግሞስ ብላቴናው? እኔ ብቻ ሲል፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ አብሮት የሮጠ አንድ ልጅ ቤርሳቤህ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ የተጠሩ ሰዎችን የሚያደክማቸው አንድ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ሸክሙ ሲከብዳቸው አብሮ የተሸከመው አይታያቸውም። እግዚአብሔር ለኤልያስ የሰጠው መልስም ስለ ፍርሃቱ አንድ ቃል የለበትም። ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 እንዳሉ ነገረው፤ አዛሄልን፣ ኢዩንና ኤልሳዕን እንዲቀባ አዘዘው። ከሦስቱ ኤልያስ በራሱ እጅ የፈጸመው የኤልሳዕን ብቻ ነው። የአዛሄልን ነገር የጨረሰው ኤልሳዕ ነው፤ ኢዩን የቀባው ደግሞ ኤልሳዕ የላከው አንድ ደቀ መዝሙር ነው። ብቻዬን ነኝ ያለው ሰው ሥራው በሌሎች እጅ ተፈጸመለት።

እኛ ቤተ እስራኤል ከጎንደር እዚህ አገር ከመጣን በኋላ የተማርነው አንድ ልማድ አለ። ሕፃን በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ለኤልያስ አንድ ወንበር ይቀመጥለታል። ጎንደር ይህን አናውቀውም ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ የነገሩኝ ትውፊት ልቤን ነካው፤ ኤልያስ እስራኤል ኪዳኑን ትቷል ብሎ ከሰሰ፣ እንግዲህ በየቤቱ እየተገኘህ ኪዳኑ ሲጠበቅ በዓይንህ እይ ተባለ። የልጅ ልጄ ሲገረዝ ያ ወንበር መኝታ ቤቱ በር አጠገብ ነበር። ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ ነቢዩ ስንት ሺህ ጊዜ እንዲህ ባለ ቤት ቆሞ ተሳስቼ ነበር ብሎ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ይህች ከተማ የተጠሩ ሰዎች ሰው ትተው የሚሄዱባት ከተማ ናት። አብርሃም አጋርን እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ አሸክሞ ሲያሰናብታት የተቅበዘበዘችው በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ነው፤ ውኃው አለቀ፣ ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ጥላ ሞቱን ላለማየት ራቅ ብላ ተቀመጠች። ያዕቆብም ከዔሳው ሸሽቶ ወደ ካራን የወጣው ከዚህ ነው። ርብቃ የወንድምህ ቁጣ እስኪበርድ ጥቂት ቀን ተቀመጥ ብላ ሰደደችው። ያ ጥቂት ቀን 20 ዓመት ሆነ። ያዕቆብ ሲመለስ አባቱን ይስሐቅን አገኘው፤ እናቱን ማግኘቱ ግን የትም አልተጻፈም። ሞግዚቷ ዲቦራ የት እንደተቀበረች ይነገረናል፤ የርብቃ ሞት አይተረክም፤ መቃብሯ በአባቶች የመቃብር ዋሻ እንደሆነ የምንሰማው ያዕቆብ ራሱ ሊሞት ሲል ነው። ልጇ እንዲባረክ ያን ሁሉ ያደረገች እናት፣ በረከቱ ከቤቷ ወጥቶ ሲሄድ እዚህ ቀረች።

የሳሙኤልን ነገር ካነሳሁ ቶሎ አልተወውም። በሕፃንነቱ ሌሊት ተጠርቶ፣ ዔሊ ልጆቹን ስላልገሠጸ ቤቱ እንደሚፈረድበት ጧት ለሽማግሌው የነገረው ሳሙኤል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በልጅነቱ የተሸከመ ሰው ሲሸመግል ልጆቹን ኢዮኤልንና አብያን ቤርሳቤህ ላይ ፈራጆች አድርጎ ሾማቸው፤ መማለጃ በሉ፣ ፍርድ አጣመሙ። ሳሙኤል በየዓመቱ እየዞረ የሚፈርድባቸው ከተሞች ተጽፈዋል፤ ቤቴል፣ ጌልገላና ምጽጳ ናቸው፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ወደ ራማ ይመለሳል። ቤርሳቤህ የለችበትም። ለእስራኤል ሁሉ ሲዞር ልጆቹ ያሉበትን አገር አልዞረም። ሕዝቡም በልጆቹ ተማርሮ ንጉሥ አንግሥልን አለ። በሰሜኑ ጫፍ በዳን ደግሞ ለተቀረጸው ምስል ካህን የሆነው ዮናታን የጌርሳም ልጅ ነው፤ ሊቃውንት የሙሴ የልጅ ልጅ መሆኑን ይናገራሉ። ከዳን እስከ ቤርሳቤህ ሲባል እኔ የሁለቱን ታላላቅ ነቢያት ልጆች አስባለሁ፤ አንዱ በዚያኛው ጫፍ፣ ሌሎቹ በዚህኛው። መጽሐፉ ይህን አልደበቀም። ሙሴንም ሳሙኤልንም ታማኝ ከመባል አላወረዳቸውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ትቶታል፤ እኔም አንዱን በሌላው ልሸፍን አልፈልግም።

ይህን ሁሉ የምለው በብላቴናው ወገን ስላደግሁ ነው። አባቴ ወደ ሱዳን ሲወርድ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ከእናቴ ጋር ወገራ ቀረሁ።

ያንን መንገድ የከፈተው መምህር ፈረደ አክሉም መሆኑን በኤር ሼቫ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ወደ ሱዳን ሸሽቶ፣ ከዚያ ድረሱልን ብሎ መልእክት ልኮ፣ ዳኒ ሊሞር ከተባለው የሞሳድ ሰው ጋር ሥራውን ጀመረ። በ2009 ሲያርፍ የተቀበረው እዚሁ ከተማችን ነው። ከእሱ በኋላ ኮሚቴ የምንላቸው ከራሳችን የወጡ ወጣቶች ተነሡ። ቤተ እስራኤል መሆናቸውን ደብቀው፣ ለየቤተሰቡ ገንዘብ እያደሉ፣ በጨለማ ወደ መኪናው የሚሄደውን እየጠሩ ይሠሩ ነበር። በሱዳን የነበረው ኡም ራኩባ ካምፕ በ1984 ሰው በየቀኑ የሚቀበርበት ቦታ ነበር። በመንገድና በሱዳን 4,000 ያህል ወገኖቻችን አልቀዋል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ነው። እንግዲህ በዚያ ቦታ ዛሬ ሌሊት ማን ይውጣ፣ ማን ይቆይ ብሎ መወሰን ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዘመዱን አስቀደመ የሚል ሐሜት ያልደረሰበት የኮሚቴ ሰው አላውቅም። አንዳንዱ ሐሜት እውነት ይሆናል። ሰዎች ነበሩ።

አባቴ ከእነሱ አንዱ ነበር። ሰውን ከሱዳን ወደ እስራኤል በድብቅ የሚያጓጉዘው ዘመቻ ሙሴ በኅዳር 1984 ተጀምሮ ወሬው ሲወጣ ጥር 5 ቀን 1985 ሲቋረጥ፣ ብዙ ሰው ካምፕ ውስጥ ቀረ፤ አባቴም አብሮ ቀረ። በመጋቢት የአሜሪካ አውሮፕላኖች የተረፉትን ሲያወጡ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። እኔና እናቴ በ1990 ከብዙ ሺህ ሰው ጋር አዲስ አበባ ወረድን፤ በ1991 ግንቦት 24 እና 25 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲጫን፣ ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎልን እኛም ገባን። አባቴ ሊቀበለን ሲመጣ አላወቀኝም። እኔም አላወቅሁትም።

ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ይመጡና ጉንጬን ይስሙኛል፤ አባትሽ ነው ያወጣን፣ ያንቺ አባት ባይኖር ልጆቻችን አይኖሩም ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ይቆረቁረኛልም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ሸምግሎ በሕይወት ሳለ፣ ቡና ላይ ስለ ኤልያስ ስናወራ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ያን ልጅ ለምን ጥሎት የሄደ ይመስልዎታል?»

«ራርቶለት ነው» አለኝ። «ምድረ በዳ ልጅ ይዞ አይገባም።»

«ታዲያ መጥቶ ወሰደው?»

«እንዴታ! በመጣህበት መንገድ ተመለስ ተብሏል እኮ። የመጣበት መንገድ ደግሞ በዚህ ነው። ከኮሬብ ወደ ደማስቆ የሚሄድ ሰው ቤርሳቤህን የት ይዘላታል?»

ከዚያ ሄዶ ኤልሳዕን አገኘው ነው የሚለው አልኩት። ልጁን ወስዶት ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ አንድ ቃል አይነፍገውም ነበር። አባቴ አልተጻፈም ማለት አልሆነም ማለት አይደለም አለ። በዚህ ነገር እስኪያርፍ ድረስ አልተስማማንም። የሰራፕታዋ መበለት ልጅ፣ ኤልያስ ከሞት ያስነሣው፣ ዮናስ ነው የሚል የቆየ ትውፊት አለ፤ ያ ልጅ ይኸው ብላቴና ነው የሚሉም አሉ። ይህን የሰማሁ ቀን ለአባቴ ነገርኩት፤ እውነት ከሆነ ሲጠራ ወደ መርከብ የሮጠው ዮናስ ጥሪ ሰውን ምን እንደሚያደርግ በልጅነቱ አይቷል ማለት ነው አልኩት። አባቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ዮናስም በመጨረሻ ነነዌ ገብቷል ብሎ መለሰልኝ።

አባቴ የሚወደው ታሪክ ግን ሌላ ነበር። በግዕዝ ከምናነባቸው መጻሕፍት አንዱ ሞተ ሙሴ ነው። ሙሴ የሚሞትበት ቀን ዓርብ መሆኑ ተነግሮት በየዓርቡ ልብሰ ሞቱን ይለብሳል። ቀኑ ሲደርስ መላእክት በጎልማሶች መልክ መቃብር ሲቆፍሩ ያገኛል፤ መቃብሩ የራሱ ነው። ሙሴ እናቱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ተሰናበተ፤ አለቀሰ። ባሕር የከፈለው፣ ከፈርዖን ጋር የተከራከረው ሰው፣ ለልጆቹ ማን አለላቸው ብሎ አነባ። እግዚአብሔርም ባሕሩን በበትርህ ምታ አለው፤ ባሕሩ ውስጥ ድንጋይ ታየ። ድንጋዩን ምታ አለው፤ ተሰነጠቀ፤ ከድንጋዩ ውስጥ ትል ወጣች፣ እስከዚህ ያልረሳኝን አምላክ አመሰገነች። ይህችን ያልረሳ ልጆችህን ይረሳል? ነው ነገሩ።

አባቴ ይህን ሲተርክ ድምፁ ይለወጣል። በሱዳን ሌሊቶች ያን ትል እያሰበ እኛን ለእግዚአብሔር እንደሰጠን ነግሮኛል። እምነቱን አልነካበትም፤ ያንን የመሰለ እምነት ባይኖረው አንድ ሌሊት አይቆምም ነበር። እኔ ግን የድንጋዩን ውስጥ አውቀዋለሁ። ያልረሳኝ አምላክ ያልረሳኝ በእናቴ እጅ ነው። እናቴ ምጣድና ጀበና ትሠራ ነበር፤ ጭቃውን ስትረግጥ፣ በኩበት ስትተኩሰው፣ ቅዳሜ ስለማንሸጥ ሰኞን ጠብቃ ገበያ ስትወርድ፣ ጡት አጥቢ ወንድሜን በጀርባዋ፣ ገሉን በራሷ ላይ ታደርግ ነበር። ባልሽ የት ሄደ ብለው ሲጠይቋት ለሥራ ሑመራ ወርዷል ትላለች፤ እስር ቤት ያስወሰዷት ቀንም ያንኑ ነው ያለችው። የኮሚቴዎቹ ስም ይነሣል፣ ይገባልም፤ እነሱ በሌሊት ከወጡ በኋላ ቤት የጠበቀው ሰው ስም ግን አይነሣም። ለኤልያስ እንጎቻ ያመጣው መልአክ ነው፤ ለብላቴናው ያመጣው ማን ነበር? እንደ እናቴ ያለች አንዲት የቤርሳቤህ ሴት ትሆናለች ብዬ ነው የማምነው።

ስለ ኤልሳዕ ሳነብ ግን ኤልያስን የበለጠ እወደዋለሁ፤ ከኮሬብ የተመለሰው ሰው ሌላ ነው። ኤልሳዕ መጎናጸፊያው ሲጣልበት አባቴንና እናቴን ልሳምና ልከተልህ አለ፤ ኤልያስም ሂድ ተመለስ አለው። ኤልሳዕ በሬዎቹን አርዶ፣ በእርሻ ዕቃው ቀቅሎ፣ ሕዝቡን አብልቶ፣ ተሰናብቶ ወጣ። ቢሆንም የቀድሞው ልማድ ነቢዩን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። የሚወሰድበት ቀን ሲደርስ በጌልገላ እዚህ ቆይ አለው፤ በቤቴል እዚህ ቆይ አለው፤ በኢያሪኮ እዚህ ቆይ አለው። ብላቴናው ዝም ብሎ ቀርቶ ይሆናል። ኤልሳዕ ግን ሦስቱንም ጊዜ በሕያው እግዚአብሔር ምሎ አልለይህም አለ። ዮርዳኖስንም አብረው ተሻገሩ። እጥፍ መንፈስ የጠየቀውም እዚያው ሲሄዱ ነው፤ የተሰጠውም ሲወሰድ በዓይኑ ስላየ ነው። እዚህ ቆይ ሲባል እሺ ቢል ኖሮ አያይም ነበር።

የአክስቴ ልጆች ዛሬም ጎንደር ናቸው። በ2015 መንግሥት የሚጠባበቁት 9,000 ያህል ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ይመጣሉ ብሎ ወሰነ፤ አምስቱ ዓመት አለፈ፤ በ2020 ታኅሣሥ ጹር እስራኤል የተባለው ዘመቻ ተጀምሮ ሺዎች መጡ፣ ሌሎቹ ቀሩ። ስልክ ሲደውሉ እንዴት አደርሽ ብለው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ብለው፣ ቀጥለው የሚጠይቁኝ ስማችን ወጣ ወይ ነው። ተስፋ ቁረጡ፣ ኑሮአችሁን እዚያው አደላድሉ የሚሏቸው አሉ። አይሰሙም። ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ይሰለፋሉ፣ ይጾማሉ፣ ፊርማ ይሰበስባሉ፤ እኛም ፎቷቸውን ይዘን ኢየሩሳሌም እንቆማለን። በሚቀጥለውም ሰልፍ ከበኤር ሼቫ የሚነሣው አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ የታላቅየዋን ፎቶ በትልቁ አሳትሜዋለሁ።